ፍላጻውን ሳከብደው ለምን ያነሰ ገባ?

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ በስም እንስማማ። እኛ ሰፈር የሚለጠጠውንም የሚወረወረውንም "ቀስት" ነው የምንለው። እዚህ እንዳንደናገር የሚለጠጠውን ደጋን፣ የሚወረወረውን ፍላጻ እላለሁ።

የአጎቴ ልጅ ሚኒሶታ ይኖራል። ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል፣ ያውም በተራ ደጋን። መዘውርና ማነጣጠሪያ ያለው ዘመናዊው አይደለም። አምና አንዱን መታው። ፍላጻው ትከሻው አጥንት ላይ ቀረና አጋዘኑ ይዞት ጫካ ገባ። ሁለት ቀን ፈልጎ አላገኘውም። ከዛ ወዲህ ልጁ ሰላም የለውም። ክረምት ላይ ድሬ ሲመጣ ባርጫ ላይ ተቀምጦ እንኳ ወሬው ያ ብቻ ነበር። ሊሄድ ሲል አሮጌ ደጋኑንና ስድስት የካርቦን ፍላጻ ከጥቂት ትርፍ ጫፎች ጋር ትቶልኝ "አንተ ጊዜ አለህ፣ ምን ባደርገው ጠልቆ እንደሚገባ ሞክርና ንገረኝ" አለኝ። ስድብ ይሁን አደራ አልገባኝም። ግን እውነቱን ነው፣ ጊዜ አለኝ።

እኔ አዳኝ አይደለሁም። ግቢ ውስጥ ጆንያ ነው የምመታው። ጆንያውን በደረቅ ገራባ (ተቅሞ የተረፈ የጫት ቅጠልና እንጨት) ጠቅጥቄ ሞላሁት፣ መቼም ድሬ ውስጥ ገራባ አይጠፋም። (የጎረቤት ፍየሎች ተቀይመውኛል።) ደጋኑን በእጅ ሚዛን እኔ እስከምስበው ድረስ ስቤ ስለካው 18 ኪሎ መጣ፣ በእነሱ 40 ፓውንድ ገደማ መሆኑ ነው። ፍላጻዎቹን ደግሞ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩ። ባለሱቁ ሳቀብኝ፣ ግን መዘነልኝ። አንዱ ፍላጻ ከ8 ግራም ጫፉ ጋር 28 ግራም ነው። ርዝመቱ 76 ሴንቲ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። "ከባድ ፍላጻ ጠልቆ ይገባል፣ ሚዛኑም መስተካከል አለበት" የሚል ነገር በየቦታው አነበብኩ። እኔ ሚዛን ሲባል መሃል ለመሃል መስሎኝ ጭራው አካባቢ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሜ 36 ግራም አደረስኩት። ጣቴ ላይ ሳስተኛው 40 ሴንቲ ላይ እኩል ቆመ፣ መሃል ሊሆን ምንም አልቀረው። ደስ አለኝ። ስለቀው እንደ ሰካራም እየተወላገደ ሄዶ ጆንያውን በጎኑ መታው። 9 ሴንቲ።

ሽቦውን ፈታሁና በሌላ በኩል መጣሁ። 8 ግራሙን ጫፍ አውጥቼ ባለ 16 ግራም ጫፍ ገጠምኩለት። ክብደቱ ያው 36 ነው፣ ሚዛኑ ግን አሁን ከጭራው 54 ሴንቲ ላይ ሆነ። የገባው 17 ሴንቲ ብቻ። ምንም ያልተነካካው ባለ 28 ግራሙ ደግሞ 22 ሴንቲ ይገባል! ሁሉንም የለቀቅኳቸው ከ6 ሜትር ነው፣ ግቢው ከዛ በላይ አይበቃም። እና ከባድ ይሻላል የሚባለው ውሸት ነው ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?

አብሽር ብቻ፦

አቦ ለአንድ ጆንያ ይሄ ሁሉ! 30 ኪሎ የሚስብ ደጋን አስመጣና ገላገል በል። ጉልበት ካለ ሁሉም ነገር ይበሳል።

ጡረተኛው ቶርኖ (ድሬዳዋ)፦

አብሽር፣ አትቸኩል። ባለ 30 ኪሎ ደጋን ስበህ የምታውቅ አትመስለኝም።

ልጄ የከዚራው፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ለክተህና መዝነህ መምጣትህን ወድጄዋለሁ፣ ብዙ ሰው በግምት ነው የሚያወራው። እኔ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ በጡረታ የወጣሁ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ፣ ደጋን እየሠራሁ መጫወት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከመመለሴ በፊት ሦስት ነገር ንገረኝ። በየትኛው እጅህ ነው የምትስበው? ባለ 16 ግራሙ ጆንያው ላይ ተሰክቶ ሲቆም ጭራው ወዴት ያዘነብላል? ካርቦኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርስ ስንት ነው?

የከዚራ ጥላ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የምስበው በቀኝ ነው። ጭራው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ያውም በደንብ። ቁጥሩ 400 ይላል።

ጡረተኛው ቶርኖ፦

እንደዛ ጠርጥሬ ነበር።

ፍላጻ ከደጋን ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይወጣም። አውታሩ ከኋላ ይገፋዋል፣ ጫፉ ደግሞ ክብደት ስላለው ወዲያው አልነቃነቅም ይላል። መሃል ላይ ያለው ዘንግ ምን ያድርግ? ይጎብጣል። ጎብጦ የደጋኑን እጀታ ዞሮ ያልፋል፣ ከዛ በተቃራኒው ይጎብጣል፣ እንዲህ እንደ እባብ እየተጣጠፈ ጥቂት ሜትር ከሄደ በኋላ ነው ላባው የሚያረጋጋው። ይሄ ጉድለት እንዳይመስልህ። ጭራሽ ባይጎብጥ እጀታውን እየገጨ ነበር የሚወጣው። ዋናው ነገር መጠኑ ነው።

400 የተባለው ቁጥር ይሄንኑ ነው የሚናገረው። ዘንጉን 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ያስተኙትና መሃሉ ላይ 880 ግራም ገደማ ይሰቅሉበታል። 400 ማለት 0.400 ኢንች፣ ወይም 1 ሴንቲ ያህል ወደ ታች ረገበ ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ግትር ነው፣ ሲበዛ ልል ነው። ግን ይሄ ዝም ብሎ እንደተኛ ነው። ከደጋን ሲወጣ ያለው ግትርነት ሌላ ነው፣ እሱ በፊቱ ባለው ክብደትና በርዝመቱ ይለወጣል። ፊቱን ባከበድከው ቁጥር የበለጠ ይጎብጣል። ባሳጠርከው ቁጥር ይገትራል። አንተ ጫፉን ከ8 ወደ 16 ስታደርሰው ፍላጻህን አከበድከው፣ ሳታስበው ደግሞ አላላኸው። ቀኝ እጅ ለሚስብ ሰው ጭራው ወደ ግራ ካዘነበለ ዘንጉ ልል ነው ማለት ነው።

ይሄም ሳያንስ በ6 ሜትር ትለቅቀዋለህ። ገና መጣጠፉን ሳይጨርስ ጆንያው ይቀበለዋል። ምስማር አጣምመህ ስትመታው ምን ይሆናል? ጉልበትህ ሁሉ ምስማሩን ለማጉበጥ ነው የሚሄደው፣ እንጨቱ ውስጥ አይገባም። የአንተም ፍላጻ ነገሩ ይሄው ነው። ስለዚህ ክብደቱን አትማው። ክብደት ጥሩ ነገር ነው፣ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ፍላጻ።

ስለ ሽቦው ምን ልበልህ፣ ሳነበው ቡናዬን ደፋሁት። ጦር ብረቱ ከፊቱ የሆነው ለምን ይመስልሃል? ላባው ንፋሱን የሚይዘው ከኋላ ነው። ክብደቱ ከፊት፣ ላባው ከኋላ ሲሆን ላባው ረጅም እጀታ እንዳለው መፍቻ ነው፣ በትንሽ ንፋስ ፍላጻውን ያቀናዋል። አንተ ግን ክብደቱን ወደ ላባው አምጥተህ እጀታውን ቆረጥክበት። መሃል ለመሃል የሚስተካከለው የሚዛን ዘንግ ነው እንጂ ፍላጻ አይደለም።

አሁን እንዲህ አድርግ። አንዱን ፍላጻ ላባውን ላጠው። ባለ 16 ግራሙን ጫፍ ግጠምለትና ከ15 ሜትር ላባ ካላቸው ጋር አንድ ላይ ልቀቀው። ላባ የሌለው ከሌሎቹ ወደ ቀኝ ርቆ ከወደቀ ልል ነው፣ ወደ ግራ ከወደቀ ግትር ነው። ልል ከሆነ በግማሽ ሴንቲ በግማሽ ሴንቲ እያሳጠርክ ድገመው፣ አንድ ላይ እስኪወድቁ። ከፊት ያለው የጫፉ መያዣ በሙጫ ስለተጣበቀ ቁረጥ ስልህ ከጭራው በኩል ነው። የጭራው ፕላስቲክ በእጅ ይወጣል። በብረት መጋዝ እንዳትሞክረው፣ ካርቦን ይሰነጠራል። ቀጭን ዲስክ ባለው ግራይንደር ነው የሚቆረጠው፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ ብናኙ መጥፎ ነው። ደግሞ የካርቦን ፍላጻ ከመልቀቅህ በፊት ሁልጊዜ ለመጥ አድርገህ ስማው። ቋ ካለ ጣለው። ተሰብሮ እጅ ውስጥ የገባበት ሰው አውቃለሁ።

የጀጎል ፊዚክስ (ሐረር)፦

ጋሼ ቶርኖ የእኔን ክፍለ ጊዜ ወሰዱብኝ። 😄 እኔ ቁጥሩን ልጨምር፣ አስተማሪ ነኝና አያስችለኝም።

አንድ ደጋን የሚያጠራቅመው ጉልበት የተወሰነ ነው። ሲለቀቅ ከፊሉ ፍላጻው ጋ ይሄዳል፣ ከፊሉ የደጋኑን ክንዶችና አውታሩን ለማንቀሳቀስ ይባክናል። ቀላል ፍላጻ ቶሎ ስለሚያመልጥ የሚባክነው ይበዛል፣ ደጋኑ ሲንቀጠቀጥ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ እሱ ነው። ከባድ ፍላጻ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ የበለጠውን ይዞ ይሄዳል።

የከዚራውን ቁጥር እንውሰድ። ፍጥነቱን ስላልለካው ለምሳሌ ያህል ባለ 28 ግራሙ በሰከንድ 50 ሜትር፣ ባለ 36 ግራሙ 46 ሜትር ይሂዱ እንበል። ለእንዲህ ዓይነት ደጋን የሚያስኬድ ግምት ነው። ኢነርጂ የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፦ ቀላሉ 35 ጁል፣ ከባዱ 38 ጁል። ብዙም አልተራራቁም። ሞመንተም ግን ክብደት በፍጥነት ነው፦ 1.40 እና 1.66። እዚህ ላይ ልዩነቱ 18 በመቶ ሆነ። የሚሄድን ነገር ቶሎ ለማስቆም የሚያስቸግረው ሞመንተም ነው። የተጫነ አይሱዙና ባጃጅ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ አስቡት።

ሚዛኑን ደግሞ ሰዎቹ በመቶኛ ነው የሚናገሩት። ከጭራው መሰንጠቂያ እስከ ሚዛኑ ቦታ ለኩ፣ የዘንጉን ግማሽ ቀንሱ፣ ለጠቅላላው ርዝመት አካፍሉ። ቀላሉ ፍላጻ ሚዛኑ 47 ተኩል አካባቢ ይሆናል ብዬ ስገምት 12 ተኩል በመቶ ይመጣል። ባለ 16 ግራም ጫፉ 21 በመቶ። ባለ ሽቦው 3 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ እና በጎኑ መምታቱ አይገርምም።

ፍጥነት መለኪያ መግዛት አያስፈልግህም። ስልክህን አጠገብህ አስቀምጠህ ድምፅ ቅረጽ። አውታሩ ሲለቀቅና ጆንያው ሲመታ መሃል ያለውን ጊዜ አንብብ። ከ15 ሜትር ከሆነ ድምፁ ወደ አንተ ለመመለስ የፈጀውን 0.044 ሰከንድ ቀንስ፣ 15ን ለቀረው አካፍል። ፍጥነቱን አገኘኸው።

የሸዋ በር ልጅ (ዴንቨር)፦

ሰላም የሀገሬ ልጆች። እኔ ኮሎራዶ በተራ ደጋን ሳድን ጥቂት ዓመት ሆነኝ። የተባለው ልክ ነው፣ ግን የአጎትህ ልጅ ችግር ጆንያ አይደለም፣ አጋዘን ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

ጆንያ ውስጥ ፍላጻውን የሚያቆመው ጎን ለጎን እየያዘ የሚያሸው ነገር ነው። ሥጋ ውስጥ ግን ባለስለቱ ጫፍ ከዘንጉ የሰፋ መንገድ ከፍቶ ያልፋል፣ ደሙም ያለሰልሰዋል። ስለዚህ እዛ ወሳኙ ስለቱ ነው። በደንብ ያልተሳለ ጫፍ ይዘህ ስለ ክብደት ማውራት ትርፉ ድካም ነው። እኔ የክንዴን ጸጉር የማይላጭ ጫፍ ይዤ አልወጣም። ደግሞ ጉልበቱ ትንሽ ለሆነ ደጋን ሁለት ስለት ያለው ጠባብ ጫፍ ነው የሚሻለው። ሲመታ የሚዘረጋው ዓይነት አለ፣ እሱ ራሱን ለመዘርጋት ብቻ ጉልበት ይበላል፣ ለዘመናዊው ደጋን ይተውለት።

በክብደት በኩል እዚህ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ዶክተር ኤድ አሽቢ የሚባል ሰውዬ አለ። በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) ደቡብ አፍሪካ ናታል ውስጥ እንስሳት ላይ ብዙ ፍላጻ ሞክሮ መዝግቧል። በእሱ ቅደም ተከተል መጀመሪያ የሚመጣው ፍላጻው ሳይሰበርና ሳይጣመም መቆየቱ ነው፣ ሁለተኛ ቀጥ ብሎ መብረሩ፣ ሚዛኑ ወደ ፊት መሆኑ ከዛ ቀጥሎ። ከ19 በመቶ በላይ ሲሆን ጥሩ ጥቅም አገኘሁበት ይላል። ለከባድ አጥንት ደግሞ 650 ግሬይን የሚል መስመር አስምሯል። አንድ ግራም 15.4 ግሬይን ስለሆነ 42 ግራም መሆኑ ነው። አያችሁ አይደል፣ ጋሼ ቶርኖ ሳያነቡት የተናገሩትን ነው።

እኔ ግን 42 ግራም የሚለውን እንደ ቃለ መሐላ አልይዘውም። በ40 ፓውንድ ደጋን እሱን ስትለቅ አቅጣጫው ቁልቁል ይሆናል። በፊዚክስ አስተማሪዋ ቁጥር ብንሄድ እንኳ (አስተማሪው ከሆንክ ይቅርታ) 20 ሜትር ላይ ባለ 28 ግራሙ 78 ሴንቲ ይወርዳል፣ ባለ 36ቱ 93። 15 ሴንቲ ልዩነት ነው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ አንድ ሳህን ያክላል። አጋዘኑ 15 ሜትር ነው ብለህ ገምተህ 20 ከሆነ ከባዱ ፍላጻ የበለጠ ይቀጣሃል። እዚህ ተራ ደጋን የሚይዙ ሰዎች በደጋኑ ፓውንድ ልክ ከ8 እስከ 10 ግሬይን ነው የሚይዙት። ባለ 28 ግራምህ 432 ግሬይን ነው፣ ለ40 ፓውንድ ከ10 በላይ ይደርሳል። ለሳንባ ምንም አይጎድለውም፣ የጎን አጥንት ስስ ነው።

እና የልጁ ችግር የፍላጻው ክብደት ብቻ አይደለም ለማለት ነው። ትከሻ ላይ ለምን ሄደ? ወይ ቸኩሏል፣ ወይ አጋዘኑ ፊቱን ወደሱ አዙሮ ነበር። አጋዘኑ ጎኑን እስኪሰጥ፣ ከተቻለም ትንሽ ጀርባውን እስኪያዞር ነው የሚጠበቀው። ያኔ ፍላጻው ከትከሻው ኋላ ይገባል። ካልሰጠ አይለቀቅም። እኔ ባለፈው ወቅት ለአራት ጊዜ ደጋኔን ስቤ መልሻለሁ።

ጡረተኛው ቶርኖ፦

የሸዋ በሩ፣ በመጨረሻው ነገርህ ተስማምቻለሁ። በ8 ግሬይንህ ግን አልስማማም። አሥር ጊዜ ልክ ብትመታም አንድ ቀን እንስሳው እርምጃ ይራመድና ፍላጻው አጥንት ያገኛል። ያን ቀን ነው ክብደቱ የሚያስፈልግህ። ርቀቱን ላለመሳት ከሆነ ደግሞ ቀረብ ብሎ መልቀቅ ነው።

የሸዋ በር ልጅ፦

ጋሼ እሱስ ልክ ነው፣ ቀረብ ማለት ግን በአፍ ይቀላል። 😅

የባቢሌ ጎረቤት፦

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ይሄን አንብቦ ለድኩላ ወደ ኤረር ሸለቆ የሚወርድ ልጅ እንዳይኖር። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፣ የዱር እንስሳት አዋጁን አንብቡ። በደጋንም ይሁን በወጥመድ። ሁለተኛ፣ አያቶቻችን በቀላል ፍላጻ ትልቅ እንስሳ ይጥሉ ነበር የሚል ክርክር ሲመጣ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። በሱማሌው በኩል የነበሩ አዳኞች ፍላጻቸውን ዋባዮ ይቀቡት ነበር፣ ከመረንዝ ዛፍ የሚወጣ መርዝ ነው፣ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚባለው። ልብ ነው የሚያቆመው። መርዝ ያለው ፍላጻ ደም እስኪያገኝ ብቻ ነው መግባት ያለበት። ስለዚህ የእነሱ ፍላጻ ቀላል ቢሆን ምንም ማለት አይደለም፣ ሥራው ሌላ ነው። እንዳትሞክሩት፣ ሰውንም ይገድላል።

አብሽር ብቻ፦

ወላሂ ጆንያ ብሎ ጀምሮ መርዝ ላይ ደረሰ። 😂 እኔ እያነበብኩ ነው፣ ቀጥሉ።

የከዚራ ጥላ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጋሼ ቶርኖ፣ እጅዎ ይባረክ።

15 ሜትር ለማግኘት ጆንያውን ተሸክሜ የጓደኛዬ ጋራዥ ጓሮ ሄድኩ፣ ከኋላው የድንጋይ ግንብ አለ፣ ሰውም አያልፍበትም። ግራይንደሩም እዛው ተገኘ። ላባ የሌለው መጀመሪያ ከሌሎቹ አንድ ክንድ ሙሉ ወደ ቀኝ ሄዶ ወደቀ። የተባለው ሆነ ማለት ነው፣ ልል ነው። ግማሽ ሴንቲ ቆረጥኩ፣ ለቀቅኩ። እንደገና ግማሽ። ሦስተኛው ላይ ምንም ለውጥ የለም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ለካ ችግሩ የእኔ አለቃቀቅ ነው፣ ጣቶቼን እየጎተትኩ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ ጣት መልቀቅ ብቻ ተለማመድኩ። በአጠቃላይ 4 ሴንቲ ስቆርጥ ላባ ያለውና የሌለው አንድ ላይ ወደቁ። እንደ መንታ። ጮህኩ፣ መካኒኮቹ መጥተው አዩኝ።

አሁን ርዝመቱ 72 ነው፣ ክብደቱ 35 ግራም፣ ሚዛኑ 51 ተኩል ላይ። በጀጎሉ ሂሳብ 21 ተኩል በመቶ። በዛው ጆንያ፣ በ15 ሜትር፣ እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ ለቀቅኩ። ያልተቆረጠው ባለ 28 ግራም በአማካይ 24 ሴንቲ። ይሄኛው 28 ሴንቲ። ጭራው ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፣ አንዴም አላዘነበለም።

የስልኩን ነገርም ሞከርኩት። ለቀላሉ 49፣ ለከባዱ 46 ሜትር በሰከንድ መጣ። ጆሮዬን ነው የማምነው ወይስ ስልኩን አላውቅም፣ ግን ግምትህ ቀርቧል።

ደጋኑ ደግሞ ዝም አለ። ድሮ ስለቅ ጧ ይል ነበር፣ አሁን ድምፁ ለስለስ ብሏል። ይሄን ማንም አልነገረኝም።

የጀጎል ፊዚክስ፦

ነገርኩህ እንጂ፣ "የሚባክነው ጉልበት" ስልህ እሱን ነው። ድምፁ ጉልበት ነው። 24ን ወደ 28 ማለት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ነው። ሞመንተሙ ካልኩት ጋር ተቀራረበ ብዬ መደሰት አማረኝ፣ ግን ገራባ ላብራቶሪ አይደለም። እንጨት እንጨቱ ያለበት ቦታ ሲመታና ቅጠሉ ያለበት ቦታ ሲመታ አንድ አይሆንም። ጨርቅና ፌስታል ሙላበት፣ እኩል ይሆንልሃል። አስተማሪዋ ነኝ ደግሞ፣ የሸዋ በሩ ትክክል ገምቷል።

የከዚራ ጥላ፦

ይቅርታ ቲቸር፣ ወንድ መስለሽኝ ነበር። ጨርቅ እሞላለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ልናገር። ዛሬ ጠዋት ግመል ሥጋ ቤት ሄጄ የትከሻ አጥንት ለመንኩ፣ ያ ሰፊ ጠፍጣፋውን። "ለውሻ ነው?" አለኝ፣ አዎ አልኩት፣ ምን ብዬ ላስረዳው። ጆንያው ፊት ሰቅዬ ሁለቱን ዓይነት ለቀቅኩበት፣ በተራ ጫፍ፣ ባለስለት የለኝም። ቀላሉ አጥንቱ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ፣ ጫፉ ብቻ ነው በስተጀርባ ብቅ ያለው። ከባዱ አልፎ ጆንያው ውስጥ አንድ ጣት ያህል ገባ። አንድ አንድ ጊዜ ነው የሞከርኩት፣ ከዛ አጥንቱ ተሰነጠቀብኝ።

ጡረተኛው ቶርኖ፦

ጥሩ አድርገሃል፣ ግን አትፎክርበት። የትከሻ አጥንት መሃሉ ስስ ነው፣ ያ እንደ ሸንተረር ያለው ጋ ስትጠጋ ይወፍራል። ሁለቱ የመቱት ቦታ በሁለት ጣት ከተራራቀ ውጤቱ የአጥንቱ ነው እንጂ የፍላጻው አይደለም። ሁለት ሦስት አጥንት አምጣና ቦታውን በከሰል ምልክት አድርገህ ድገመው። ስጋ ቤቱን ደግሞ እውነቱን ንገረው፣ ሊያይ ይመጣል።

ለአጎትህ ልጅ ምን ልትጽፍለት ነው?

የከዚራ ጥላ፦

ዘንጉን እንዲያሳጥር፣ በላባ አልባው እንዲሞክር፣ ጫፉን እንዲስል፣ ትከሻ እንዳይመታ። በዚሁ ቅደም ተከተል ጽፌለት ነበር፣ ሦስት ገጽ ሙሉ። የመለሰልኝ በአንድ መስመር ነው፦ "ደጋኔ 50 ፓውንድ ነው፣ የአንተ መቁረጫ ለእኔ አይሠራም።"

ጡረተኛው ቶርኖ፦

ልክ ነው ልጁ። ደጋኑ ሲጠነክር ያው ፍላጻ የበለጠ ይጎብጣል፣ የራሱን ራሱ ነው የሚቆርጠው፣ ወይ ከ400 ያነሰ ቁጥር ያለው ዘንግ ይግዛ። የአንተን ልክ ሳይሆን አካሄዱን ላክለት። ከናስ የተሠራ፣ ከፊት የሚገባ ተጨማሪ ክብደት ከፈለገ ግን የዘንጉን የውስጥ ስፋት በካሊፐር ለክቶ እስከ አንድ አሥረኛ ሚሊ ይላክልኝ። የጎረቤቴ ልጅ ቶርኖ አለው፣ 5 ግራምና 8 ግራም አድርጌ አወጣለታለሁ። የእነሱ የአደን ወቅት የሚከፈተው በእኛ አዲስ ዓመት ሰሞን ነው አይደል? እስከዛ ይደርሳል።

የከዚራ ጥላ፦

አሁን ደወልኩለት ጋሼ። እዛ ሌሊት ነው፣ ተሳደበ፣ ከዛ ካሊፐሩን ሊፈልግ ተነሳ።